የጠገበው ድንጋይ

አንድ ባለ ወርክሾፕ ውሃ በማይበረክትባት ትንሽ ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ አያልሰው ነው። ብረት ይቆርጣል፣ ይበይዳል፣ የተሰበረ ማርሽ ይጠግናል። እጁን የሚያውቅ ሁሉ ያመሰግነዋል። አንድ ነገር ብቻ ነበረበት፤ ሰው ሲያጠፋ ለማረም ይፈጥናል፣ ሰው ሲናገር ለመስማት ይዘገያል።

አንድ ቀን የከተማዋ የጉድጓድ ውሃ ሞተር ቆመ። ውሃው እንዳይፈስ የሚይዙት ሁለት ቀለበቶች ተበልተው ነው። እነዚህ ቀለበቶች የሚሠሩት ከግራፋይት ነው። ግራፋይት ማለት እርሳስ ውስጥ ሆኖ የሚጽፈው ያ ጥቁር ነገር ነው፤ ልዩነቱ ይሄኛው እንደ ጡብ ትልቅ ሆኖ መምጣቱ ነው። ሥራው ለአያልሰው ተሰጠ። የተገኘው ግራፋይት ለስምንት ቀለበት ይበቃል። ሌላ ቢታዘዝ ከባሕር ማዶ እስኪደርስ ሦስት ወር ይፈጃል። ሴቶቹ ከወንዝ መቅዳት ጀምረዋል። ወንዙን የጠጡ ሕፃናትም ሆዳቸውን መታመም ጀምረዋል።

አያልሰው ሽብሩ የሚባል ሠራተኛ አለው፤ አሥራ አንድ ዓመት አብሮት የሠራ፣ የአራት ልጆች አባት። ቀለበቱን የሚያስተካክለው እሱ ነው። ሞላ በሚሉት ማሽን ላይ የሚሽከረከረውን ክብ መሞረጃ ድንጋይ ወደ ግራፋይቱ ያስጠጋል፤ ድንጋዩ ትርፉን ያነሳል። ብረት ሲሆን እንደዚህ ነው። ግራፋይቱ ላይ ግን ድንጋዩ ትንሽ ከሄደ በኋላ መቁረጡን ይተውና ያፏጫል። ከዚያ ቀጭ ይላል፤ የቀለበቱ ጠርዝ ይረግፋል።

ሦስት ቀለበት እንዲህ ተሰበረ።

"ጋሼ፣ ድንጋዩ እኮ ይታፈናል" አለ ሽብሩ።

"የታፈነውስ ያንተ ጭንቅላት ነው!" አለ አያልሰው። "ግራፋይት በጥፍር የሚፋቅ ለስላሳ ነገር ነው። ለስላሳ ነገር የሚሰብር እጅ ምን ዓይነት እጅ ነው?"

አያልሰው ወደ ትልቁ ከተማ ሄደና መሞረጃ ድንጋይ የሚሸጥ ነጋዴ ዘንድ ገባ። "ያለህን ጠንካራ ስጠኝ፤ የማይበላ ይሁን" አለው። ነጋዴው ምን እንደሚሞረድበት አልጠየቀም። ስፋቱንና ውፍረቱን ብቻ ጠየቀ። "ይሄን ውሰድ፤ አንተ ታልቃለህ እንጂ እሱ አያልቅም" ብሎ ሸጠለት።

አዲሱ ድንጋይ እውነትም አልተበላም። ሌላ ሦስት ቀለበት ግን ሰበረ። ሽብሩ ሁለት ጊዜ አፉን ከፈተ። ሁለቱንም ጊዜ፣ "ጋሼ፣ ይታፈናል" ከማለቱ አያልሰው ቃሉን ከአፉ ነጠቀው። በመጨረሻም "መሣሪያህን አስረክብና ሂድ" አለው። ሽብሩ ሽርጡን አውልቆ ምስማር ላይ ሰቀለና ወጣ።

የቀረው ግራፋይት ለሁለት ቀለበት ብቻ የሚበቃ ሆነ። ከዚህ በኋላ አንድ ቢሰበር ሦስት ወር መጠበቅ ነው።

አያልሰው ባዶ ጀሪካን ይዘው ወደ ወንዝ በሚወርዱት ሴቶች በኩል ሲያልፍ አንዲት ባልቴት ጠራችው።

"አያልሰው፣ ቀለበቱ እንዲህ የዘገየው ሁላችንንም ልታገባን አስበህ ነው እንዴ?"

ሴቶቹ ሳቁ። አያልሰው አልሳቀም።

ድንጋይ በትእዛዝ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ እንዳሉ ሰማ። ጋሽ ቢራቱ ይባላሉ። ከተሰበሩት ቀለበቶች ደህናውን መርጦ፣ አጽድቶ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ሄደ። ሽማግሌው ጨርቁን ፈትተው አዩና መልሰው ጠቀለሉት።

"ይሄን አየሁት። አቧራውስ?"

"አቧራውማ ይጠረጋል፣ ይደፋል። እኔ ወርክሾፕ ቆሻሻ አያድርም።"

"እንግዲያ ችግርህን ደፍተህ ነው የመጣኸው፣ ልጄ። ሂድና አቧራውን አምጣ። ድንጋዩንም ሳትጠርገው አምጣ።"

የአንድ ቀን መንገድ ነው። አያልሰው እየተነጫነጨ ተመለሰ፣ ማሽኑ ሥር የቀረውን አቧራ ቧጥጦ ከድንጋዩ ጋር ይዞ እየተነጫነጨ መጣ። ጋሽ ቢራቱ ጥቁሩን አቧራ በሁለት ጣታቸው አሹት። ከዚያ ድንጋዩን ወደ ብርሃን አዞሩት። ፊቱ ጠቁሮ እንደ መስታወት ያበራል።

"ይሄ ድንጋይ አላረጀም" አሉ። "ጠግቧል። የጠገበ ድንጋይ አይቆርጥም፤ ያሻል። ሲያሽ ይግላል፤ ሲግል ይሰብራል። ያነሳውን አቧራ የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፤ ስለዚህ ፊቱ ላይ ተሸክሞት ይዞራል። ለመሆኑ የሚሠራበት ማነው?"

"አንድ ሠራተኛ ነበረኝ። አባረርኩት።"

"እሱ ምን አለ?"

አያልሰው ድንጋዩን እያየ፣ "ይታፈናል ብሎኝ ነበር" አለ።

"ስንት ጊዜ?"

"ሦስት ጊዜ።"

ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን በሚያበራው ድንጋይ ላይ አሹትና ጥቁር ጣታቸውን አሳዩት።

ከዚያ ወደ ሥራቸው ገቡ። የመሞረጃውን አሸዋ ከሸክላ አፈር ጋር ለወሱ። ቀጥለው የተወቀጠ የለውዝ ልጣጭ በእፍኛቸው ዘግነው ጨመሩ።

"ጋሼ፣ ልጣጭ እኮ እቶን ውስጥ ይቃጠላል!" አለ አያልሰው።

"እንዲቃጠልልኝ ነው የምጨምረው። እሱ ሲቃጠል ቦታው ባዶ ይቀራል።"

"ታዲያ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ሊሸጡልኝ ነው?"

"የምሸጥልህ ቀዳዳውን ነው" አሉ ጋሽ ቢራቱ። "ድንጋይማ ቤትህ ሞልቷል።"

ድንጋዩ ደርቆ፣ ተቃጥሎ፣ ቀዝቅዞ እስኪወጣ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። አያልሰው ተሸክሞት ወደ ከተማው ገባ። ወደ ወርክሾፑ ግን አልሄደም። ሽብሩ ቤት በር ላይ ቆሞ አንኳኳ።

ሽብሩ ወጣ። ድንጋዩን አየ፤ በጣቱ ዳበሰው፤ እንደ ዳቦ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። "ይሄስ ይተነፍሳል" አለ።

"አንተ ያልከው ነው። ሳልሰማህ ቀረሁ፤ ይቅር በለኝ። ና እንሥራ።"

"ጋሼ፣ አሁን ብናገር ይሰሙኛል?"

"ተናገር።"

"እንግዲያው እኔ በቃ እስክል ድረስ ማሽኑ ዘንድ አይቁሙ። ትንፋሽዎ አንገቴ ላይ ሲመጣ እጄ ይንቀጠቀጣል።"

አያልሰው ይሄን በአሥራ አንድ ዓመት ሰምቶ አያውቅም። ወርክሾፑ ሲደርሱ ሽብሩን አስገብቶ እሱ ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አልገባም፤ በመስኮትም አላየም። ውስጥ መሞረጃው ድንጋይ አላፏጨም። አቧራው እንደ ጥቁር ዱቄት ከቀዳዳው እየወጣ ሲፈስ የሚሰማው የሹክሹክታ ያህል ነው። ከቀትር በኋላ ሽብሩ ሁለት ቀለበት በእጁ ይዞ ብቅ አለ። ጠርዛቸው እንደ ጨረቃ ሙሉ ነው።

በማግስቱ ሞተሩ ተነሳ። ቧንቧው አንዴ ሳል ሳል አለው፤ መጀመሪያ ድፍርሱ መጣ፤ ከዚያ ጥሩው ወረደ። ያቺ ባልቴት ጀሪካንዋን አስጠግታ፣ "ሠርጉ ቀረ በሉኛ!" አለች። በዚህ ጊዜ አያልሰውም ሳቀ።

ወዳጄ ሆይ፣ እኔ ብዙ አልተማርኩም። ይሄን ግን ልብ ብዬዋለሁ። ሰውን የሚያርም ሁሉ መሞረጃ ድንጋይ ነው፤ አባት ቢሆን፣ አለቃ ቢሆን፣ ሽማግሌ ቢሆን። ውስጡ ባዶ ቦታ ከሌለው ከሰው ላይ ያነሳው ጉድፍ በራሱ ፊት ላይ ይለጠፋል። እሱም የሚያበራው ስለጠራ ይመስለዋል። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ማረም አይደለም፤ ማጋልና መስበር ነው። የሰበረውንም ሰው "ለስላሳ ነበርክ፣ ለምን ተሰበርክ?" ይለዋል።

ስለዚህ ስንጸልይ "ጌታ ሆይ፣ አጠንክረኝ" ብቻ አንበል። "ሰው የሚነግረኝ የሚገባበት ቦታ ውስጤ ተውልኝ" እንበል። እሱ በእሳት የሚያሳልፈን አንዳንዴ ልጣጩን አቃጥሎ ያንን ቦታ ሊያበጅልን ይሆናል።

አንተስ ወዳጄ፣ ሦስት ጊዜ ነግሮህ ያልሰማኸው ሰው ማነው? በሩን ታውቀዋለህ?