ጅብ የተፋው ክሪክ

አንድ ጊዜ፣ ጅብ ገና ጥርሱ ሙሉ በነበረበት ዘመን፣ ከአንድ ገደል ሥር ባለ ደረቅ ሜዳ አውሬውና የቤት እንስሳው አብረው ይኖሩ ነበር። አብረው ያኖራቸው ፍቅር እንዳይመስላችሁ፤ ውኃ ነው። የሚጠጡት ውኃ የሚገኘው ግማሽ ቀን ከሚያስኬድ ወንዝ ሲሆን፣ ያንን መንገድ በጋሪ እየተመላለሰች የምታጠጣቸው እመት አህያ ብቻ ነበረች። ስለዚህ የሜዳው ሹም አያ አንበሶ «እሷን የነካ እኔን ነካ!» ብሎ አውጆ ነበር። አያ ጅቦም አዋጁን ያከብራል። አህያዋ በደጁ ባለፈች ቁጥር ግን ምራቁን ይውጣል።

ታዲያ በአንድ የበጋ ሰሞን የጋሪዋ የቀኝ ጎማ መንጫጫት ጀመረ። ሁለት ቀን ተንጫጫ፣ በሦስተኛው ቀን ጭራሽ አልዞር አለ። ጎማውን የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ ደቅቆ ነበር። እመት አህያ መለወጫ ኩሽኔታ አላጣችም፤ ጋሪውን ከመሬት የምታነሳበት ክሪክና ብሎኑን የምትፈታበት መፍቻ ግን አልነበራትም። በግቢው የቀረው ውኃ ደግሞ ከሦስት ቀን አያልፍም። ጥጆቹና ግልገሎቹ ከአሁኑ የበርሜሉን ሥር መላስ ጀምረዋል፤ እናቶቻቸውም እመት አህያን ባዩ ቁጥር ዓይን ዓይኗን ያዩዋታል።

እግር ጥሎት በዚያው ሰሞን ቀበሮ ከሾላው ዛፍ ሥር መሣሪያ ዘርግቶ ነበር።

«ቅናሽ! የዓመቱ ታላቅ ቅናሽ! ሃምሳ መሣሪያ በአንድ ሳጥን! ጋራዥ ፍለጋ መንከራተት ቀረ፤ ሁሉም በየግቢው ባለጋራዥ ይሁን!» እያለ ይጣራል።

እውነት ለመናገር ዓይን የሚያፈዝ ነገር ነበር። መዶሻው፣ ፒንሳው፣ ካቻቢቴው፣ መፍቻው በየመጠኑ ተደርድሮ በፀሐይ ሲያብረቀርቅ፣ ዝንጀሮዎቹ ፊታቸውን እያዩበት ፀጉራቸውን ያስተካክሉ ነበር። እኔም ብሆን እዚያ ብገኝ አንድ ሳጥን ሳልገዛ ቤቴ እገባ ነበር ብዬ አልምልም።

በዚያ ሜዳ አንድ የቆየ ልማድ ነበር። ገዢ ሁሉ ዕቃውን በራሱ መንገድ ሳይፈትን አይወስድም። ፍየል ትልሳለች፣ ዝሆን ይረግጣል፣ ጦጣ ከዛፍ ላይ ትለቀዋለች፣ ጅብ ይነክሳል። ቀበሮም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

«ና እስቲ አያ ጅቦ!» አለው። «ሌላው ነጋዴ በምላሱ ይሸጥልሃል፤ እኔ ግን የገዛ ጥርስህን ምስክር አደርግልሃለሁ። ያዝ፣ ሞክረው!»

አያ ጅቦ አንዱን የሚያብረቀርቅ መፍቻ አንስቶ ነከሰው። ጥርሱ ስርስር ብሎ ገባ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጆሮውን ጥሎ፣ ለረጅም ጊዜ አጣጣመው።

«ኧረ ይሄስ ለስላሳ ነው!» አለ። «የጥጃ ቅልጥም ይመስላል!»

«አላልኩህም?» አለ ቀበሮ ሳቁን በጭራው እየሸፈነ። «ጥርስህን ያላስቸገረ መሣሪያ እጅህን ሊያስቸግር ነው? አሁን ደግሞ ይሄንን ክሪክ ቅመስ።»

አያ ጅቦ የሚያብረቀርቀውን ክሪክም ነከሰ፤ ያም እሺ ብሎ ገባለት። ደስ ብሎት ዙሪያውን ሲያማትር፣ ከመዘርጊያው ጨርቅ ጥግ ላይ አንድ የጠቆረ፣ አቧራ የጠጣ፣ ቁመቱ ከስንዝር ብዙም የማይበልጥ አሮጌ ክሪክ አየ። አፉ አንዴ ተከፍቷልና እሱንም ላፍ አደረገው።

ቋ!

ሜዳው ሁሉ ሰማ። አያ ጅቦ ጮኸ፣ ተሽከረከረ፣ በመጨረሻም ጥቁሩን ክሪክ ከአንድ የጥርስ ስባሪ ጋር ጥፍ ብሎ ተፋው።

«ይሄ የተበላሸ ነው! አልታኘክ አለኝ!» አለ።

«እሱንስ ተወው» አለ ቀበሮ። «ገዢ ያጣ ዕቃ ነው፤ ጨርቄን ነፋስ እንዳይወስደው ያስቀመጥኩት ነው።»

አያ ጅቦ ከአምና ጀምሮ የቀበረውን አጥንት ሁሉ አውጥቶ ከፈለና ሳጥኑንና የሚያብረቀርቀውን ክሪክ ተሸክሞ እየተጀነነ ሄደ። የተፋው ክሪክ ግን ተንከባሎ ተንከባሎ፣ ክሪክ ልትፈልግ በመጣችው በእመት አህያ እግር ሥር ቆሞ ነበር።

እሷም አንገቷን ዝቅ አድርጋ አየችው። ገለበጠችና እንደገና አየችው። የአያ ጅቦን መንጋጋ በደንብ ታውቀዋለች፤ ዘመዶቿን በልቷልና። ያ የበሬ ዳሌ የሚያደቅ መንጋጋ ያረፈበት ብረት ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም። እመት አህያ ጀርባዋ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ።

«ይሄንን ስንት ትለዋለህ?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ጋሪሽ ሲጠገን አንድ በርሜል ውኃ የምታመጪልኝ ከሆነ ውሰጂው። ለጨርቄ ድንጋይ አላጣም።»

«ያንንም የዘይት ማንቆርቆሪያ ጨምርልኝ።»

ቀበሮ ማንቆርቆሪያውን አንስቶ አየው፤ ስስ ቆርቆሮ ነው፣ በጥፍር ይጎደጉዳል። ብልጣ ብልጥ ቢሆንም አንዳንዴ እውነት ያመልጠዋልና፣ «ይሄ እንኳ ብርቱ አይደለም» አላት።

«ዘይት ለማንጠባጠብ ብርታት ምን ያደርግለታል?» አለችና ሁለቱንም ይዛ ሄደች።

አህያም የራሷ አፈታተን አላት። እሷ አትነክስም፣ አትልስም፤ ጭና ትጠብቃለች። በማግስቱ ጠዋት ጥቁሩን ክሪክ ከጋሪዋ ሥር አስገብታ እጀታውን በኮቴዋ እየገፋች አዞረችው። ጋሪው ትንሽ በትንሽ ከመሬት ተነሳ። ከዚያ ድንጋይ እያመጣች በላዩ ትከምር ጀመር። አንድ ጭነት፣ ሁለት ጭነት፣ የጋሪው ወለል እስኪያቃስት ድረስ። ሲሞላም አንድ የደረቀ የሣር አገዳ በጥርሷ ለክታ ቆረጠችና በመሬቱና በጋሪው መካከል አቆመችው። ክሪኩ በፀጉር ያህል እንኳ ቢሰጥም አገዳው ይጎብጣል።

እመት አህያም ከጎኑ ቆመች። ፀሐይ ወጣች፣ ጋለች፣ አናት ላይ ደረሰች። ዝንብ መጣ፣ ሄደ። አንዲት ወፍ ድንጋዩ ላይ አርፋ ተነሳች። የሣር አገዳው ግን ጠዋት እንደቆመ ቆሟል፤ አልጎበጠም፣ አልተሰበረም፣ አልተንቀሳቀሰም። ስንዝር የምታህል ጥቁር ብረት ያንን ሁሉ ድንጋይ ተሸክማ ድምፅ እንኳ አላሰማችም።

ዕድሜዋን ሙሉ ስትሸከም የኖረች አህያ ሸክም ምን እንደሆነ ታውቃለች። ስለዚህ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«የሠራህ እጅ ይባረክ» አለችው፤ ለማን እንደምትናገር ሳታውቅ። ከዚያም ድንጋዩን አራግፋ ጋሪውን መሬት አወረደችው።

በሦስተኛው ቀን ውኃው አለቀ። አያ አንበሶ እንስሳቱን ሁሉ በእመት አህያ ግቢ ሰብስቦ፣ «ይህን ጋሪ ለሚጠግን አንድ ሙሉ የጎድን ሥጋ እሰጣለሁ!» አለ። እመት አህያ ክሪኩን ማዞር ብትችልም በኮቴዋ መፍቻ መጨበጥ አትችልም ነበር።

«ሃምሳ መሣሪያ ያለው እያለ ማን ይናገራል!» አለ አያ ጅቦ፤ ሳጥኑን እያንኳኳ ገባ።

ሥራውንም ጀመረ፤ አጀማመሩም ያማረ ነበር። በካቻቢቴው የጎማውን መሸፈኛ ፈታ፤ በመዶሻው የደረቀውን ጭቃ አራገፈ። እመት አህያም እውነት መደበቅ አትወድምና «ለዚህስ ደህና ነው» አለች። ቀጥሎ አያ ጅቦ የሚያብረቀርቀውን ክሪክ አስገብቶ ጋሪውን አነሳ። እመት አህያ ጠጋ ብላ ስታይ፣ በክሪኩ አንገት ላይ የአያ ጅቦ ጥርስ ያረፈበት ጉድጓድ ቁልጭ ብሎ ታያት። አያ ጅቦም በጀርባው ተንሸራቶ ከጋሪው ሥር ሊገባ ነው። በጋሪው ላይ ያለው የብረት በርሜል ባዶውን እንኳ የአንድ ወይፈን ክብደት አለው።

እዚህ ላይ እመት አህያ ዝም ብትል ማንም አይወቅሳትም ነበር። በርሜሉ ቢወርድ የአክስቶቿ ደም ይመለሳል፤ እሷም ከዚያ በኋላ በአያ ጅቦ ደጅ ስታልፍ ልቧ አይመታም። ይህን ሁሉ አሰበች። አልዋሽም፣ ጥቂት ቆየት ብላም አሰበች።

ከዚያም «አያ ጅቦ፣ ቆይ» አለች። «የኔንም ክሪክ ከጎን ላድርገው።»

«ያንን ጥርስ ሰባሪ?» ብሎ ሳቀ። «እንዳይደናቅፈኝ ብቻ!»

እመት አህያ ጥቁሩን ክሪክ አስጠግታ እስኪነካ አዞረችው። አያ ጅቦም ገባ። መፍቻውን በአፉ ነክሶ ብሎኑ ላይ አዋለው። ብሎኑ የከረመ ነው፤ አልነቃነቅ አለ። አያ ጅቦ ጨከነና ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበ። ያኔ የመፍቻው አፍ እንደ ሰም ተከፈተና አመለጠው፤ ጭንቅላቱ ጋሪውን መታው፤ ጋሪው ተናጋ። የሚያብረቀርቀው ክሪክ ጥርሱ ባረፈበት ጉድጓድ ላይ እጥፍ አለ።

ግልገሎቹ ጮኹ። አንበሳው እንኳ ዓይኑን ጨፈነ።

ጋሪው ግን አልወረደም።

ዓይናቸውን ሲገልጡ ያ ሁሉ ብረትና እንጨት በአንድ ጥቁር ክሪክ ላይ ቆሟል። ምንም አልተወዛወዘም። ዝሆኑ፣ ከባድ ነገር ብዙ ያየው ዝሆን፣ ቀስ ብሎ በጉልበቱ ተንበርክኮ ከሥር አየውና ኩምቢውን አፉ ላይ ጫነ።

አያ ጅቦ ከጋሪው ሥር በጀርባው ተዘርግቶ፣ ጥቁሩ ብረት ከአፍንጫው ፊት ለፊት ቆሞ ነበር። ረጅም ጊዜ አፍጥጦ አየው።

«ይሄ እኮ የተፋሁት ነው» አለ በመጨረሻ። ከዚያም በቀጭን ድምፅ፣ «እመት አህያ፣ ለምን አዳንሽኝ?» አላት።

«ከኔ ጋሪ ሥር ማንም እንዲሞት አልፈልግም» አለች። «ማንም ይሁን። አሁን ብሎኑን ፍታ፤ ልጆቹ ጠምቷቸዋል።»

አያ ጅቦ ደንዝዞም ቢሆን ታዘዘ። መፍቻውን ወረወረና ብሎኑን ጥርሱ ባልተሰበረበት ወገን በገዛ መንጋጋው ነክሶ አዞረው፤ ብሎኑም እያቃሰተ ተፈታ። አዲሱ ኩሽኔታ ገባ። እመት አህያ ከቆርቆሮው ማንቆርቆሪያ ዘይት አንጠባጠበችበት፤ ማንቆርቆሪያውም ሥራውን ምንም ሳይጓደል ሠራ። ጎማው ሲዞር ድምፅ አልነበረውም። በዚያው ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ በርሜሉ ሞልቶ መጣ፤ ግልገሎቹም እየተጋፉ ጠጡ።

አያ አንበሶ ቀበሮን አስጠራው።

«ክሪኩ እንደማይችል ታውቅ ነበር?»

«ጌታዬ፣ እኔ ፈትኖ እንዲገዛ ነው የነገርኩት» አለ ቀበሮ እጅ እየነሳ። «ፈተነ፤ የጣፈጠውን መረጠ። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?»

አያ አንበሶ ጎፈሩን አከክ አከክ አድርጎ፣ «ጥፋት የለብህም» አለው። «ከዛሬ ጀምሮ ግን ክሪክ ስትሸጥ፣ መጀመሪያ ጋሪ ታነሳበትና አንተ ከሥሩ ትተኛለህ። ገዢው ቆሞ ያያል።»

በማግስቱ በሾላው ዛፍ ሥር ካቻቢቴ ነበር፣ መዶሻ ነበር፣ የዘይት ማንቆርቆሪያ ነበር። ክሪክ ግን አንድም አልነበረም።

ቀበሮ ያን ቀን ገበያውን ጥሎ ወደ እመት አህያ ግቢ መጣ። ጥቁሩን ክሪክ እያገላበጠ፣ እያሸተተ ፈተሸው። ከሥሩ፣ አቧራው በተራገፈበት ቦታ፣ ሠሪው በመሮ የነካት አንዲት ትንሽ ምልክት አገኘ፤ ጥፍር የምታህል፣ ማንም እንዲያያት ያልተደረገች።

«ማን ይሆን የሠራው?» አለ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ተንኮል።

«አላውቅም» አለች እመት አህያ። «እሱም እኛን አያውቀንም። ግን አንድ ቀን አንድ ሰው ከሥሩ እንደሚተኛ ያውቅ ነበር።»

ቀበሮም ምልክቷን በጥፍሩ ዳሰሳት። እነሆ፣ ያ ክሪክ ዓመቱን ሙሉ ጨርቁን ሲይዝለት ኖሮ እሱ አንድም ቀን ጎንበስ ብሎ አላየውም ነበር።

ከዚህ የምንማረው ለቀላል ሥራ በቅናሽ የተገዛ ቀላል መሣሪያ እንደሚበቃ፣ ነፍሳችንን ከሥሩ የምናስገባበትን መሣሪያ ግን በዋጋውም በማብረቅረቁም ሳንለካ ሸክሙን አሸክመን መፈተን እንዳለብን ነው።