በእንግሊዝኛ የታዘዘው ሽምግልና

ከትዕቢት ይሰውረንና፣ አቶ ይርዳው የሚባሉ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበሩ። ስንሻው የሚባል አናጢ ልጃቸውን ሊያገባ ፈልጎ ሽማግሌዎች ላከባቸው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ምላሱ የሰላ ሸማኔ ነበር። እንደ ወጉ በር ላይ ቆመው፣ «ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን» አሉ።

አቶ ይርዳውም፣ «የኔን ልጅ የሚጠይቅ በእንግሊዝኛ ይጠይቅ» አሉ። «‹ቴክ› መውሰድ ነው፤ ለብቻው ግን አይበቃም፣ ይዞ መሄድ እንዲሆን ከኋላው ‹አዌይ› ይከተለዋል። ከፊቱ ደግሞ ፈቃድ መጠየቂያው ‹ሜይ› ይቀድመዋል። በ‹ሜይ› ፈንታ ‹ማስት› ካላችሁ ግን ትእዛዝ ነውና አባርራችኋለሁ።»

ሸማኔው፣ «ጌታዬ፣ ይኼ ቃል እንደ ድሮ ሹም ከፊትም ከኋላም ካላጀቡት አይንቀሳቀስም ማለት ነው?» አለ።

«ቀልዱን ተወውና ተናገር። አሁን በእንግሊዝኛ ካልጠየቃችሁኝ ልጄን ለሌላ እድራታለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው «ሜይ» ብሎ ጀመረና የቀረው ጠፋበት።

ሸማኔው ግን፣ «እሺ ጌታዬ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለ። «‹ልጅ ስጠኝ› ብለው እግዚአብሔርን ሲለምኑ በምን ቋንቋ ለመኑት?»

«በአማርኛ ነዋ።»

«እሱ ቋንቋን ሁሉ የፈጠረ ጌታ ሲሆን፣ ‹በአማርኛማ አልሰማም› ሳይል ሰጠዎት። እርስዎ ከእሱ በላይ ከሆኑ ይንገሩንና ቆመን መለመኑን ትተን እንስገድልዎ።»

አቶ ይርዳው ወደ ጓዳ ዞረው፣ «ለሽማግሌዎቹ ወንበር አምጡ» አሉ።