የበርበሬው መጋዘን

አንድ ሰው ነበረ፤ ከታናሽ ወንድሙ ከውብሸት ጋር የተኳረፈ ሰው። ምን አጣላቸው? የአባታቸው የበርበሬ መጋዘን።

አባታቸው ሲያርፉ መጋዘኑን ለሁለቱም ተዉላቸው። ታላቁ፣ "ይፍረስና ባለ መስታወት ፎቅ ይሠራበት" አለ። ውብሸት ደግሞ፣ "ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ የጣሪያው እንጨት እንኳ አልነቀዘም። መስኮት እንክፈትለት፣ የዝናቡን ውኃ እናጠራቅም፣ ጥሩ ቢሮ ይወጣዋል" አለ። ሽማግሌ ገባ፤ አልሆነም። በመጨረሻ ሸጠው ሊካፈሉ ተስማሙ። ወገኖቼ፣ ሊካፈሉት የነበረው መጋዘኑን ብቻ ይመስላችኋል? ወንድምነታቸውንም ነበር እንጂ።

ገዢው ሊያይ በሚመጣበት ቀን ቀድመው ሄደው በሩን ከፈቱ። አንዱ በዚህ ጥግ፣ አንዱ በዚያ ጥግ ቆሙ። መተያየት የለም። ታላቁ የአባቱን አሮጌ መደርደሪያ ነካ ቢያደርገው የስንት ዘመን የበርበሬ ብናኝ ቦነነበትና አስነጠሰው።

እንግዲህ ታውቃላችሁ፣ በአገራችን ሰው ሲያስነጥስ ዝም አይባልም፤ የተኳረፉት እንኳ ቢሆን። ከወዲያኛው ጥግ፣ "ይማርህ፣ ጋሼ" የሚል ድምፅ መጣ።

"ያኑርህ" አለ ሳያስበው። ደግሞ አስነጠሰው።

"ይማርህ።"

"ያኑርህ።"

ወዲያው ውብሸትንም ማስነጠስ ያዘው። ልጆች ሳሉ አባታቸው እዚያው በርበሬ ሲያስመዝኑ እንዲሁ "ይማርህ" ሲባባሉ ነበር የሚውሉት። ታላቁ "ጋሼ" ሲባል ከሰማ ስንት ጊዜው! ሆዱ ባባ። እንባው የበርበሬው ይሁን የወንድሙ፣ እሱም አልለየውም።

"ውቤ" አለ አፍንጫውን እየጠረገ፣ "መስኮቱ የት ጋ ይከፈት ነበር ያልከው?"

መጋዘኑ አልተሸጠም፤ አልፈረሰምም። ድንጋዩ ታጠበ፣ ያ መደርደሪያ ጠረጴዛ ሆነ፣ ጨለማ የኖረበት ቤት ፀሐይ ገባው። ዛሬ ሰዎች ቢሮ አድርገው ይሠሩበታል። በበጋ ነፋስ ሲነሣ አሁንም አንዱን ያስነጥሰዋል፤ ያን ጊዜ ከየክፍሉ "ይማርህ" ይባላል።

እናንተስ፣ ወገኖቼ? "አርጅቷል፣ ይፍረስ" ያላችሁት ዝምድና የለም? ግድግዳው ደኅና ነው እኮ። ያጣው መስኮት ነው። እግዚአብሔር የእኛን ጥቀርሻ እያየ መቼ "አፍርሱት" አለ? ይምረናል፤ ያኖረናል። እኛ ግን ምሕረትን ለማስነጠስ ብቻ አስቀመጥናት።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ደውሉለት። ወንድማችሁ እስኪያስነጥስ አትጠብቁ።