መንበረ የፈለገችው አንድ ፎቶ

ልንገራችሁ፤ እናንተ ደግሞ ቁጠሩልኝ። ሰንሰለቷ ስትረዝም እንዳትጠፋብን።

መንበረ የምትባል ሙሽራ ነበረች። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሠርጓ ቀን ከአባቷ ጋር አንድ ፎቶ መነሳት። አባቷ አቶ ጥላዬ ልባቸው ደክሟል። ማለዳ ማለዳ ትንፋሽ አላቸው፣ ረፋድ ላይ ያልቃል። ሐኪሙም «ከእንግዲህ ቤታቸው ይሁኑ» ብሎ ሸኝቷቸዋል። ስለዚህ መንበረ ቀኑን አስቀድማ በወረቀት ከፋፈለችው። እስከ ሁለት ሰዓት ጸጉር፣ ከዚያ ቀሚስ፣ ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት አባዬ ሳሎን መስኮቱ አጠገብ፣ አራት ሰዓት ላይ ሙሽራው ከነአጃቢዎቹ። ፎቶ አንሺው ኪሩቤል ወረቀቱን አይቶ «እንዲህ የምታስብ ሙሽራ አጋጥማኝ አታውቅም፤ ሳንሯሯጥ እንውላለን» አላት። ሰው ያስባል፣ እግዜር ይፈጽማል ይባላል። የዚያን ቀን ግን እግዜርም የቸኮለ አይመስልም ነበር።

ሁለት ተኩል ሆነ። ሰማዩ ጠቁሯል፣ የሚያዝያ ዝናብ አላባራም ብሏል። ኪሩቤል ካሜራውን ይዞ መስኮቱ አጠገብ ቆሟል።

«አንሳን እንጂ» አለችው መንበረ።

«አባትሽ ሳይኖሩ ማንን ላንሳ?»

ሄዳ የመኝታ ቤቱን በር ገፋ አደረገች። አቶ ጥላዬ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ ኮታቸው ጭናቸው ላይ ነው። ዓመት ሙሉ ሻንጣ ውስጥ ታጥፎ ከርሞ ተጨማዷል።

«አባዬ፣ በጋቢህ ና፤ ያምርብሃል።»

«ልጄን የምድረው እንደ በሽተኛ ተጠቅልዬ ነው? ኮቱ ይተኮስልኝ።»

እንግዲህ ፎቶ አንሺው አላነሳም አለ፣ አባት ካልወጡ። አባት አልወጣም አሉ፣ ኮቱ ካልተተኮሰ።

ሚዜዋ ሐረግ ኮቱን ተቀብላ ካውያውን ሰካች። ካውያው ቀዝቃዛ ነው፤ መብራት ከዝናቡ ጋር ሄዷል። የድሮውን የከሰል ካውያ ደግሞ መንበረ ራሷ፣ ለሠርጉ ቤት ሳጸዳ ብላ፣ ለቆራሌው ሰጥታዋለች።

ፎቶ አንሺው አላነሳም አለ፣ አባት ካልወጡ። አባት አልወጣም አሉ፣ ኮቱ ካልተተኮሰ። ኮቱ አልቃናም አለ፣ ካውያው ካልሞቀ። ካውያው አልሞቅም አለ፣ መብራት ካልመጣ።

በሰፈሩ ያለው ጄኔሬተር አንድ ነው፤ እሱም ከአጥሩ ማዶ፣ የአባቷ ታናሽ ወንድም የጋሽ ደምሰው ነው። መንበረ እንዳትሄድ፣ ሙሽራ ሙሽራው ሳይመጣ ደጅ አትረግጥም፤ አክስቶቿ በሩ ላይ ተቀምጠው ይጠብቋታል። ሐረግ በዝናቡ ሮጣ አንኳኳች። የጋሽ ደምሰው ሚስት ከፈቱላት።

«ማሽኑ ያውልሽ» አሏት። «ግን ያለ እሱ እጅ አይነሳም። ስሞክር ክንዴ ሊወልቅ ነው።»

ጋሽ ደምሰው ከውስጥ ሆነው ይሰማሉ። ቀና ብለው እንኳ አላዩዋትም።

«ሂጂና ንገሪያት፤ አልመጣም። የወንድሜ ልጅ ስትዳር እኔ በቴሌግራም ተጠራሁ። ለሦስት መቶ ሰው በተላከ ወረቀት፣ አጥር ለአጥር ተቀምጠን። ወንድሜ እግሩ ቢደክም አፍ አጣ? እሱ ራሱ ይጥራኝ።»

በዚያ ሰፈር አጎት የሚጠራው ደጁ ድረስ ተሄዶ፣ ወንበር ተቀምጦ፣ «ያላንተ አይሆንም» ተብሎ ነው። መንበረም ይህን አጥታው አይደለም። ጊዜ ለመቆጠብ ብላ ነው። ስንቱን ደቂቃ ቆጥባ ስንቱን እንዳባከነች ሐረግ ስትነግራት ገባት።

ሦስት ሰዓት አለፈ። ፎቶ አንሺው አላነሳም አለ፣ አባት ካልወጡ። አባት አልወጣም አሉ፣ ኮቱ ካልተተኮሰ። ኮቱ አልቃናም አለ፣ ካውያው ካልሞቀ። ካውያው አልሞቅም አለ፣ መብራት ካልመጣ። መብራት አልመጣም አለ፣ ማሽኑ ካልተነሳ። ማሽኑ አልነሳም አለ፣ ጋሽ ደምሰው ካልነኩት። ጋሽ ደምሰው አልመጣም አሉ፣ ወንድማቸው ካልጠሯቸው።

ቆጠራችሁ? ሰንሰለቱ ዞሮ ዞሮ እዚያው አልጋ ላይ አረፈ። አቶ ጥላዬ ግን ምንም አያውቁም። እንዳይከፋቸው ተብሎ «ደምሰው ድንኳን እያስተከለ ነው» ተብለዋል።

መንበረ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ተቀመጠች። የአባቷ ትንፋሽ ማጠር ጀምሯል። ፈራች።

«አባዬ፣ ዋሽተንሃል። ጋሽ ደምሰው አልመጡም።»

«ለምን?»

«በስልክ ነው የጠራኋቸው። እንደ ማንም ሰው።»

አቶ ጥላዬ በአጥሩ በኩል ወዳለው መስኮት ዞሩ። ከዚያ «እኔም ጠርተሽዋል ወይ ብዬ አልጠየቅኩሽም» አሉ። «መስኮቱን ክፈቺው።»

«ትንፋሽህን አትጨርስ። ልደውልልህና በስልክ አናግራቸው።»

«ስልኩ ይቅርብሽ፣ ልጄ።»

ከፈተችው። ዝናቡ ወደ ውስጥ ረጨ። አቶ ጥላዬ በሁለት እጃቸው የአልጋውን ብረት ይዘው፣ ያላቸውን ሁሉ ሰብስበው፣ «ደምሰው» ብለው ተጣሩ። አንዴ ብቻ። ለሁለተኛው አልበቃቸውም፤ አፋቸውን ከፍተው ድምፁ ቀረ። ከአጥሩ ማዶ በር ሲከፈት ተሰማ።

አባት ጠሩ፣ ጋሽ ደምሰው መጡ። ጋሽ ደምሰው ነኩት፣ ማሽኑ ተነሳ። ማሽኑ ተነሳ፣ መብራት መጣ። መብራት መጣ፣ ካውያው ሞቀ። ካውያው ሞቀ፣ ኮቱ ቀና። ኮቱ ቀና፣ አባት ለበሱ፣ ወጡ። ፎቶ አንሺውም አነሳ።

አንድ ፎቶ፤ አባት መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ መንበረ እጇን ትከሻቸው ላይ አድርጋ። ጋሽ ደምሰው ከወንበሩ ኋላ ተንበርክከው፣ በፎቶው እንዳይታዩ አንገታቸውን ደፍተው፣ የወንድማቸውን ጀርባ በሁለት እጃቸው ደግፈው ነበር። ለሁለተኛ ፎቶ አቶ ጥላዬ ቀና ማለት አልቻሉም። አራት ሰዓት ላይ ሙሽራው መጣ፣ እልልታው ቀለጠ፣ የምርቃት ሰዓት ደረሰ። የአባትየው ከንፈር ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምፅ አልወጣም። ጋሽ ደምሰው ጆሯቸውን አስጠግተው እየሰሙ ቃል በቃል መረቁላቸው። መንበረ የአጎቷን ድምፅ እየሰማች የአባቷን ከንፈር ታይ ነበር፤ አለቀሰች። ሰዉ የሙሽራ ለቅሶ ነው ብሎ አለፈው።

ተረት ብቻ ቢሆን፣ የተመኘችውን አገኘች ብዬ፣ ዳቦዬን ተቀብዬ እዚህ ላይ በተነሳሁ። ግን ትንሽ ትቀረኛለች።

ሰኔ ሳይጋመስ በዚያው ግቢ ሌላ ድንኳን ተተከለ። ለለቅሶው የሚቆም የአቶ ጥላዬ ፎቶ ሲፈለግ፣ ከዚያችው ሌላ ደህና አልተገኘም። ኪሩቤል አሳድጎ ሊያወጣት ተቀመጠ፤ መንበረ ጥቁር ነጠላዋን ደርባ ከኋላው ቆማለች።

«አንቺን ቆርጬ አውጥቼሻለሁ» አላት፣ ወደ እሷ ሳይዞር። «ትከሻቸው ላይ ያለው እጅሽ ግን ቀርቷል። ላጥፋው?»

መንበረ እጇን አየችው።

«ተወው» አለችው። «እዚያው ይሁን።»