ከገመዱ ወዲህ፣ ከገመዱ ወዲያ

በዚያ ሐይቅ ዳር ሹመት የሚለካው በእርምጃ ነበር። ጌታው አንበሳ ከዋርካው ሥር ሲቀመጥ ከጎኑ የቆመው ሥጋ ይበላል፤ ቀጥሎ የቆመው አጥንት ይደርሰዋል፤ ከሁሉም ኋላ የቆመው ሽታውን ጠግቦ ይገባል። ሣር በሊታው ሳይቀር፣ ሥጋው ምን እንደሚያደርግለት ሳይጠይቅ፣ ወደፊት ለመጠጋት ሲጋፋ ይውላል። አንዲት ሚዳቋ ከአንበሳው አፍ አጠገብ ቦታ አገኘች ተብሎ ዘመዶቿ እልል ያሉበት አገር ነው። ሚዳቋይቱ ከዚያ ወዲህ አልታየችም። ዘመዶቿ ግን እስከ ዛሬ ይኮሩባታል።

ከሐይቁ መካከል ደሴት አለ። በጋ ገብቶ የዳሩ ሣር ሲያር፣ እንስሳቱ በደንገል ታንኳ እየተሻገሩ የደሴቱን ልምላሜ ይግጣሉ። ታንኳ የሌለው በጋውን አይዘልቅም፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ታንኳውን የምትሰፋላቸው ጃርቷ ወለላ ነበረች። ደንገሉን አጭዳ፣ አድርቃ፣ ከገዛ ጀርባዋ ወስፌ ነቅላ ጠፍራ ትሰፋለች። ስሟ ወለላ ቢሆንም ምላሷ ከእሾኋ ይብሳል ይሏታል። እሷም አትክድም። «በእሾኼ የነካኝን እወጋለሁ፤ በምላሴ ደግሞ ሊነካኝ ያሰበውን» ትላለች። ወልዳ የቀረችላት አንዲት ልጅ ናት፤ ድንቄ ትባላለች። እናት ትሰፋለች፣ ልጅ ትቀዝፋለች፤ እንዲሁ ነበር የሚኖሩት።

ካቻምና ዝንጀሮዎቹ ከሰው ከተማ ርችት የሚባል ነገር ሰርቀው መጡ። አምና የጌታው የንግሥ በዓል ሲከበር ከሐይቁ መካከል፣ ከታሰረ ግንድ ላይ ሆነው ተኮሱት። ውኃ ላይ ሲተኮስ ሰማዩም ውኃውም ያበራል፤ ጌታው አንበሳ ግርማውን ባንድ ጊዜ ሁለት ቦታ አየና ወደደው። ከፍንጣሪው አንዱ የከርከሮ ታንኳ ላይ ወደቀ። ታንኳው እስከ ውኃው ከንፈር ነደደ፤ ከርከሮም ጆሮው ተለብልቦ ዋኝቶ ወጣ። በግቢ ግን «ከርከሮ ከደስታው ብዛት የገዛ ታንኳውን ለኮሰ» ተብሎ ተነገረ። ተሸለመ። ሽልማቱን ሲቀበል ጆሮውን እያከከ ነበር።

ዘንድሮ ደግሞ የአምናው እጥፍ ይተኮሳል ተባለ። ወለላ ይህን ስትሰማ የምትሰፋውን ጥላ ወደ ጉባኤው ሄደች። ከኋላ ሆና ብትጮህ የሚሰማት ስለሌለ እሾኋን አቆመች። ሁሉም መንገድ ለቀቀላት።

«ጌታዬ» አለች፣ «ደንገል ማለት በውኃ ላይ የሚሄድ ጭራሮ ነው። እኔ እሰፋዋለሁ፣ እኔ አውቀዋለሁ። ርችቱ ይተኮስ፣ ማን ከለከለ? ታንኳዎቹ ግን ይራቁ። ፀሐይ ስትገባ ነፋሱ ይዞራል፤ ያኔ ወደሚሄድበት ሳይሆን ከሚመጣበት በኩል ይቁሙ። ከመውጣታቸው በፊት ውኃ ይረጩ፣ የተነጠፈባቸው ደረቅ ሣር ይውረድ። ወድቆ ሳይፈነዳ የተንሳፈፈውንም ማንም እጁን እንዳይሰድበት።»

አጋፋሪ ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ ወለላ፣ ነፋሱንም እንሹመው ወይ?»

ጉባኤው ሳቀ።

«ብትሾመው ይሻል ነበር» አለችው። «ነፋስ ቢያንስ መጋፋት አያስተምርም።»

ሳቁ ወደ ቀበሮ ዞረ። ጌታው አንበሳ አያ ጉማሬን ጠየቀው፤ የውኃውን ነገር የሚያውቅ እሱ ነውና። አያ ጉማሬ አዛጋ። «ፀሐይ ስትገባ ነፋሱ ይዞራል፤ ያለችው ልክ ነው» አለ። «እኔን ግን ምን ቸገረኝ? ቢነድ እጠልቃለሁ።»

ጌታው አንበሳ ያን ቀን ጠግቦ ነበር መሰለኝ፣ ደግ ሆነ። «የጃርቷ ምክር መልካም ነው። በግንዱ ዙሪያ ገመድ ይዘርጋ፤ ታንኳ ሁሉ በገመዱ ይወሰን» ብሎ ፈረደ።

ወለላ ወደ ቤቷ ስትመለስ መሬት አልረገጠችም ማለት ይቻላል። ገመዱን ራሷ ገመደችው። እንዳይሰምጥ በየመሀሉ ቅል አሰረችበት፤ በሩቅ እንዲታይም ቅሎቹን ቀይ አፈር ቀባቻቸው። ተዘርግቶ ሲያልቅ ሐይቁ የአንገት ጌጥ ያደረገ መሰለ። ጥፋቷም እሱ ሆነ፤ አሳመረችው።

አጋፋሪ ቀበሮ ከዳር ቆሞ አየው፣ አየውና «በጌታችን ግቢ ገመድ የሚዘረጋው ባለሟሉን ከተራው ለመለየት ነው» አለ። «ለመሆኑ ከገመዱ ወዲያ፣ ከግንዱ በኩል የሚቆመው ማነው?»

ይህን ብቻ ነው ያለው። የቀረውን እንስሳቱ ራሳቸው ጨረሱት። ድኩላ እጅ መንሻ ይዞ ቀበሮ ቤት ሄደ፤ ተፈቀደለት። ድኩላ ከገባ በግ ምን ጎደላት? በግ ገባች። ከርከሮ «አምና የነደድኩ እኔ ዘንድሮ ውጪ ልቆም ነው?» ብሎ አለቀሰ፤ አስገቡት። ጥቂት ቀን አልፎ ከገመዱ ውጪ የቀረው ማንም ያልፈለገው ብቻ ሆነ፤ ጥንቸል፣ ኤሊ፣ አንድ ዓይኑ የጠፋ አሮጌ አህያ።

አንድ ጧት ድንቄ ታንኳዋን በደረቅ አበባ ስታስጌጥ እናቷ ደረሰችባት።

«ይህ ለምንድነው?»

«ለበዓሉ ነዋ። ቦታ አገኘሁ፣ እማዬ። ከግንዱ አጠገብ!»

ወለላ የያዘችው ደንገል ከእጇ ወደቀ። «ያን ገመድ እኮ የዘረጋሁት እንዳትገቢበት ነው!»

«እሱንማ ለነሱ ንገሪያቸው። ዕድሜያችንን ሙሉ ከኋላ ቆመን ሽታ ስንጠግብ ኖርን። ገመዱን የሠራሽው አንቺ፣ ውጪ የምንቀረው እኛ? ሰው ምን ይላል?»

«የሞተ ልጅ አላት ከሚለኝ፣ የተናቀ ልጅ አላት ቢለኝ ይሻለኛል።»

«ሟርት አታውሪ። ደግሞስ ሁሉም ገብቶ እኔ ብቻ ብቀር፣ በጋ ሲመጣ ደሴቱ ላይ ማነው የሚያስጠጋኝ? ቀበሮ አይደል ቦታ የሚያድለው?»

ልጅቷ ሞኝ ብትሆን ኖሮ ወለላ ትገስጻት ነበር፤ የምታወራው ግን ያገሩን እውነት ነው። «እሺ፣ ታንኳሽን እንኳ ላርጥብልሽ» አለችና ቅሏን ሞልታ መጣች። የቀበሮ ዘቦች ከወደቡ ላይ ያዟት። «በርችት ቀን ውኃ መርጨት ክፉ መመኘት ነው» አሏትና ቅሉን ቀምተው አፈሰሱት። ሐይቅ ዳር ቆማ አንድ ቅል ውኃ አጣች።

የበዓሉ ዕለት ፀሐይ ልትገባ ስትል ታንኳው ሁሉ ገመዱ ውስጥ ጎን ለጎን ተጣብቆ ቆመ፤ መቅዘፊያ የሚገባበት ክፍተት አልነበረም። ወለላ በአሮጌ ታንኳዋ ከገመዱ ውጪ፣ ነፋሱ ሲዞር ከሚመጣበት በኩል፣ ከነጥንቸል ጋር ቆመች። ታንኳዋን እስኪንጠባጠብ አርጥባዋለች፤ እሷን ማንም አልከለከላትም፣ ከሩቅ የቆመን ማን ያያል? ጌታው አንበሳ ግን ዳር፣ ከአንድ ድንጋይ ላይ ሆኖ ነበር። ውኃ አይወድም።

ዝንጀሮዎቹ ለኮሱ። መጀመሪያ የወጣው እንደ አደይ አበባ ተዘርግቶ ሲወርድ ወለላ ሳታስበው «ወይ ጉድ፣ ሲያምር!» አለች። ሁለተኛውም አማረ። ከዚያ ፀሐይዋ ጠለቀችና ነፋሱ ዞረ፤ ፍንጣሪው ወደ ታንኳዎቹ መዝነብ ጀመረ። የበግ ታንኳ ላይ ያለው ደረቅ አበባ ጭስ አወጣ።

ያኔ ዞረው ቢቀዝፉ የሚወጡበት ጊዜ ነበራቸው። አልዞሩም። በዚያ አገር ለጌታ ጀርባ አይሰጥም፤ ከፊቱ የሚወጣ ሁሉ እጅ እየነሳ ወደኋላ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ፊታቸውን ወደ ድንጋዩ አድርገው፣ አንገታቸውን ሰብረው፣ የኋሊት መቅዘፍ ጀመሩ። አንዱ ከአንዱ ተጋጨ፤ የኋለኞቹ ቅሎቹ ላይ ተጠላለፉ።

«ዙሩ!» ብላ ጮኸች ወለላ። «ጀርባችሁን ስጡ! ድንቄ! ጀርባሽን ስጪው!»

የሰማት ሰማት፤ ማን ቀድሞ ይዙር? እያንዳንዱ ጎረቤቱን ያያል። ጎረቤቱም እሱን።

እሳቱ ግን ማንንም አላየም። ከአንዱ ታንኳ ወደ ሌላው፣ ጋባዥ ሳያስፈልገው፣ ገባ። ወለላ እየቀዘፈች ደርሳ በእጇ የገመደችውን ገመድ በጥርሷ በጠሰችው፤ በተከፈተው ጥቂት ታንኳ ወጣ። ድንቄን ከውኃው ጎትታ ያወጣቻት በአንድ እግሯ ነው። እሾኋ ሁሉ ነዶ አልቆ፣ እንደተላጠ ድንች ሆናለች። ግን ትተነፍሳለች። በግ አልተመለሰችም። ከርከሮም ዘንድሮ አልዋኘም።

ከዳር ሆኖ ላየው ሐይቁ ሙሉ ብርሃን ነበር። ጌታው አንበሳ እስኪያበቃ አጨበጨበ።

በማግሥቱ አጋፋሪ ቀበሮ ነጋሪት አስጎስሞ አዋጅ ተናገረ። «ከጌታው በዓል አጠገብ የቆመ ሁሉ ነደደ፤ የነደደው ታማኝ ነው። ድንቄ የጃርቷ ልጅ የቅርብ ባለሟል ተብላለች። ታንኳው ሳይነድ ያደረ ካለ ግን ለምን እንደራቀ ለጌታው ፊት ለፊት ቀርቦ ያስረዳል።»

ፊት ለፊት ቀርቦ ማስረዳት ምን እንደሆነ የሚዳቋ ዘመዶች እንኳ ያውቁታል።

አመሻሹ ላይ ድንቄ በቅጠል ተጠቅልላ፣ በገል ፍም ይዛ፣ ወደ እናቷ ታንኳ መጣች። ወለላ ፍሙን አየችና ገባት። በታንኳውና በልጇ መካከል ቆመች።

«ይህን ታንኳ አትነኪም። በጋ ደርሷል። የቀረን እሱ ብቻ ነው።»

«ጫፉን ብቻ፣ እማዬ። ጥቁር እንዲሆን። የቆምሽው ቅርብ ነበር እንላለን።»

«እኔ የቆምኩበትን አውቃለሁ!»

«አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ደግሞ አንቺን የሚበሉሽን አውቃለሁ» አለችና ማልቀስ ጀመረች። ስታለቅስ የተቃጠለው ቆዳዋ ይተረተራል። «እሾኽ አልቀረኝም እኮ። በምን ልከላከልልሽ?»

ወለላ ለዚያ ሁሉ ዘመን ለቀበሮም ለአንበሳም ያላጠረ ምላሷን ፈለገችው። የለም። ከታንኳው ፊት ዞር አለች። ከዚያ ገሉን ከልጇ እጅ ተቀበለቻትና ራሷ አስጠጋችው፤ ጫፉን ብቻ፣ እንዳለችው። ታንኳው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ውሎ ደርቋል። ደንገል ደግሞ ጫፍ አያውቅም።

ቀና ስትል በዳሩ ሁሉ ብልጭ ብልጭ ይላል። ጥንቸል የራሷን ለኩሳለች። ኤሊም። ገመዱ ሲበጠስ ያመለጡትም፣ ሁሉም ጫፉን ብቻ ብሎ ለኩሶ፣ ሁሉም አሁን በቅልና በእጁ ውኃ እየዛቀ ሊያጠፋ ይሯሯጣል። አሮጌው አህያ ብቻ አይሮጥም፤ ታንኳው ሲነድ በቀረችው ዓይኑ እያየ ቆሟል።

እሳቱ ሳይበርድ አጋፋሪ ቀበሮ እያለከለከ ደረሰ።

«እልል በሉ!» አለ። «ጌታችን ከዋርካው ሥር ሆነው ብርሃናችሁን አዩት። ‹ሕዝቤ ሳላዘው በገዛ እጁ አበራልኝ› ብለው እንባ ተናነቃቸው። ምርመራው ቀርቷል፤ ሁላችሁም ታማኝ ናችሁ። ከእንግዲህም በዓሉ በየዓመቱ ሁለት ቀን ይከበራል፤ አንዱ የሳቸው፣ አንዱ የናንተ።»

ከዚያ አንዱ አጨበጨበ፤ ማን እንደጀመረው አልታወቀም። ሌላው ተከተለ። ወለላ «በምን ታንኳ?» ልትል አፏን ከፈተች። ድንቄ ክንዷን ጨበጥ አደረገቻት፤ ያ የተላጠ መዳፍ ገና ትኩስ ነበር። ወለላ አፏን ዘጋች። እጆቿን አነሳች፣ አጋጠመቻቸው፣ ደግማም አጋጠመቻቸው።

ከወዲያ ማዶ የደሴቱ ሣር፣ ነፋሱ ሲመጣ ይተኛል፣ ሲያልፍ ይነሳል።