የመትረየስ ተኳሹ የመጨረሻ ድል

አንድ ሰው ነበረ፤ እንደ አንተ ከጦር ግንባር ተመልሶ ፖሊስ የሆነ። «መትረየስ ተኳሽ የነበርሁ ሰው ዛሬ በዱላ የገበያ ጠብ ስገላግል እውላለሁ፤ ክብሬ አልቀነሰምን?» ብለህ ጠይቀኸኛል። መልሴ የዚህ ሰው ታሪክ ነውና ሳታቋርጠኝ ስማ።

ይህ ሰው በጦርነቱ ጊዜ አንድ ኮረብታ በመትረየሱ ሦስት ቀን ሙሉ ብቻውን ይዞ ያቆየ ነው። ሜዳልያም ተሸልሟል። ጦርነቱ ሲያበቃ በአንዲት ትንሽ ከተማ ፖሊስ ሆነ። ሥራው የጠፋ በሬ መፈለግ፣ በድንበር የተጣሉትን ማስታረቅ፣ የሰከረ ሰው ወደ ቤቱ መሸኘት ነበረ። የጦር ጓደኞቹ «ጀግናው፣ ዛሬ ስንት ሰካራም ማረክህ?» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እርሱም «ሁለት፤ አንዱ ግን አማችህ ነው» ብሎ ይመልስላቸው ነበር እንጂ አይቆጣም።

አንድ ቀን አንድ ገበሬ በመሬት ጠብ ጎረቤቱን ገደለና ሮጦ መጥቶ እጁን ለዚህ ፖሊስ ሰጠ። ፍርድ ቤቱ ከወንዝ ማዶ ነበረ። የሟች ሦስት ወንድሞችም ይህን ዐውቀው ጠመንጃቸውን ይዘው በመሻገሪያው ላይ ጠበቁ። አዛዡ «አንተም ጠመንጃ ያዝ» ቢለው ፖሊሱ «ጠመንጃ ካዩብኝ ቀድመው ይተኩሳሉ፤ መጀመሪያ የሚሞተውም እስረኛው ነው» አለ። ከዚያም በደንብ ልብሱ ላይ ኩታ ደረበ፤ በአባቶቻችን ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ይቆራኙ እንደነበረው የኩታውን ጫፍ ከእስረኛው ኩታ ጫፍ ጋር ቋጥሮ ጎን ለጎን መንገድ ጀመሩ።

ከወንዙ ሲደርሱ ታላቁ ወንድም «የመትረየሱ ጌታ፣ ዞር በል! ነፍሰ ገዳይ እንደ ሙሽራ ታጅባለህ?» አለው።

«የማጅበው ወደ ዳኛው ነው» አለ ፖሊሱ። «በደላችሁን እዚያ ቆማችሁ ተናገሩ። አሁን ግን በሕግ አምላክ፣ ቁሙ!»

ይህ ቃል ሲጠራ የታጠቀ ሰው እንኳ መቆሙ የአገሩ ልማድ ነበረና ሁለቱ ታላላቆች ጠመንጃቸውን ዝቅ አደረጉ። ታናሹን ግን ኀዘኑ አሸነፈውና በእስረኛው ላይ ተኮሰ። ፖሊሱ ከፊት ገብቶ ጥይቱን በደረቱ ተቀበለ። ወድቆም ሳለ የታላቁን ወንድም እጅ ያዘና «ሁለቱንም ለዳኛው አድርስ» አለውና ሞተ።

ታላቁ ወንድም ዞሮ ሁለቱን አየ። በአንድ በኩል የወንድሙ ገዳይ፣ በሌላው በኩል ገዳይ የሆነው ወንድሙ ነበሩ። በመጨረሻ የታናሹን ጠመንጃ ነጠቀው። የፖሊሱን አስከሬን ሦስቱ ወንድሞችና እስረኛው አብረው ተሸክመው ወንዙን ተሻገሩ። በዚያ ቀን ሁለት ነፍሰ ገዳዮች ያለ ፖሊስ፣ ያለ ሰንሰለት ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ደረሱ። ሕዝቡም ይህን ባየ ጊዜ ያን ሰው እንደ ድል አድራጊ እየፎከረ ቀበረው።

ልጄ ሆይ፣ ያ ሰው ኮረብታውን የያዘው መትረየሱ በእጁ እስካለ ድረስ ነበር፤ ወንዙን ግን ባዶ እጁን ሞቶም አልለቀቀውም። አንተም እንዲሁ ነህ። በገበያ መካከል ሁለት ጠበኞች ስለ ሕግ ብለው በቃልህ ሲቆሙ፣ በጦር ግንባር ካገኘኸው ድል የሚበልጥ ድል አግኝተሃል። ክብርህ አልቀነሰም፤ የቀነሰው የተኩሱ ድምፅ ነው። አሁን ተነሣና ወደ ሥራህ ሂድ፤ አርፍደሃል።