የጓሉ ምንሽርና ርካሹ ስድስት ጎራሽ

በአንድ ወቅት፣ ሽጉጥ የመኳንንት ወገብ ጌጥ እንጂ የገበሬ መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን፣ ከአባይ በረሃ አፋፍ ላይ ዝግባ አምባ በምትባል አገር ጓሉ እምሩ የሚባል ሰው ይኖር ነበር። ይህን ሰው የአገሩ ዳኛ ባሻ አድማሱ ገደለው። በወሰን ተጣልተን ነው ብሎ አስወራ። ውሸቱን ነው። ጓሉ አገር የሚያወራለት ምንሽር ጠመንጃ ነበረው፤ ባሻ አድማሱ ሬሳው ሳይቀዘቅዝ በመጀመሪያ ያነሣው እሱኑ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዋርካ ሥር ተቀምጦ ጉዳይ ሲሰማ የሟቹን ምንሽር ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ አላፊ አግዳሚው እንዲያየው አድርጎ ይውል ጀመር።

ጓሉ ሦስት ልጆች ትቷል። ትልቁ እንየው ወታደር ቤት ከርሞ የተመለሰ፣ ነገር ሳያገላብጥ የማይናገር ሰው ነው። ተከታዩ ደርበው ደመ ፍል ነው፤ ንግግር ሳያልቅ ተነሥቶ የሚሄድ። ታናሺቱ ባንቺአምላክ ለአባቷ የለበሰችውን ማቅ ምንሽሩ ቤት ሳይገባ አላወልቅም ብላ ምላለች። አባቷ በሕይወት ሳለ የጠመንጃውን ማንገቻ ቅቤ የምትቀባው እሷ ነበረች። አሁን ውሃ ልትቀዳ በዋርካው ሥር ባለፈች ቁጥር ያ ማንገቻ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ታየዋለች፣ አንጀቷም እርር ይላል። እሷ የምትፈልገው የሰውዬውን ሞት ብቻ አልነበረም። እንዲያፍር፣ አገር እያየው እንዲዋረድ ትፈልግ ነበር።

በዝግባ አምባ ደም ስለመመለስ የጸና ደንብ አለ። ደም መላሽ አድፍጦ አይተኩስም፤ ፊት ለፊት ቆሞ የማን ልጅ መሆኑን ተናግሮ ነው። ይህን ያልፈጸመ ደም መላሽ ሳይሆን ተራ ነፍሰ ገዳይ ነው። ደሙን የመለሰ ደግሞ ወንድ ይሁን ሴት፣ ታላቅም ይሁን ታናሽ፣ የሟቹን መሣሪያ እሱ ይወርሳል። የሌላው ዘመድ እጅ አይነካውም።

እንየው መጀመሪያ ተነሣ። ቤቱ ውስጥ መሣሪያ የሚባል ስላልነበረ በቅሎውን ሸጠና እኅቱን አስከትሎ የጦር መሣሪያ ነጋዴ ዘንድ ወረደ። ነጋዴው የላም ቆዳ ዘርግቶ ሦስት ሽጉጦች ደረደረ። ሁለቱ የሚያብረቀርቁ፣ ጥይታቸው እጀታው ውስጥ በሚሰካ ካዝና የሚገባ ነበሩ። ሦስተኛው እጀታው በሽቦ የታሰረ፣ ዝገት የጀመረው ስድስት ጎራሽ ነው፤ ጥይቶቹ መካከሉ ላይ ባለ ተሽከርካሪ ቋት ውስጥ አንድ በአንድ ይገባሉ።

«እሱን ተወው» አለ ነጋዴው እየሳቀ። «እሱ ለጀማሪ ነው።»

«ጀማሪዎች ነን» አለ እንየው፣ አነሣውም።

ቤት ሲደርስ ቅል አንጠልጥሎ ሞከረው። ጥይት እንደ ልብ ስላልነበረ ሦስት ብቻ ተኮሰ። ሦስቱም ጮኹ። ከዚያ እንደ ዳኛ ፍርዱን ሰጠ።

«መልኩ አያምርም፤ ቃታው ይከብዳል፤ ከራቁ ዝሆንም አይመቱበትም። ግን አቧራ ቢገባው ነክሶ አይቆምም፤ ጥይት መኖር አለመኖሩን በዓይን ታየዋለህ፤ ሽጉጥ ጨብጦ ለማያውቅ እጅ የሚያደናግር ነገር የለውም። ቅርብ ለደረሰ ሰው ይበቃል።»

ችግሩ ቅርብ መድረሱ ላይ ነው። የባሻ አድማሱ ሎሌዎች የጓሉን ወንዶች ልጆች ገና ከሩቅ ሲያዩ ጠመንጃ ይደግናሉ። እንየው በየት በኩል እንደሚጠጋ ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተ። ሽጉጡንም ምሰሶ ላይ ሰቅሎት ነበር።

ደርበው ይህን መታገሥ አልቻለም። በገበያ ቀን ከምሰሶው ላይ አውርዶ በጋቢው ሸፈነና ከሕዝቡ ጋር ተጋፍቶ የእህል ተራው ውስጥ ገባ። ባሻ አድማሱንም ምንሽሩን በትከሻው አድርጎ ሲንጎራደድ አገኘው። በመካከላቸው ሁለት ሰው በማያስቆም ርቀት ላይ ቆመና ገበያው እስኪሰማ ጮኸ።

«ደርበው፣ የጓሉ ልጅ!»

ቃታውን ሳበ። ሽጉጡ ቀጭ አለ እንጂ አልጮኸም።

እዚህ ላይ ደርበውን የጎዳው ፍርሃት አይደለም። የጎዳው ልማዱ ነው። የዝግባ አምባ ሰው ከልጅነቱ የሚያውቀው ጠመንጃ ነው። በጠመንጃ ጥይት ሲከሽፍ ከፍቶ የከሸፈውን ማውጣትና ሌላ ማጉረስ ግድ ነው። ስድስት ጎራሽ ግን ይህን አይጠይቅም፤ ቃታውን ደግሞ መሳብ ብቻ ነው፣ ቋቱ ራሱ ዞሮ ሌላ ጥይት ያመጣል። እንየው ይህን አልነገረውም፤ ለእሱ ግልጽ ስለነበር የሚነገር አልመሰለውም። ደርበውም ጠይቆ አልወሰደውም። አንገቱን ደፍቶ የከሸፈውን ለማውጣት ሽጉጡን ሲታገል ባሻ አድማሱ ምንሽሩን አዞረና ቀኝ እጁን ከክርኑ በታች በጣጠሰው። በገዛ አባቱ ጠመንጃ!

ባንቺአምላክ ጨው ልትገዛ መጥታ እዚያው ነበረች። ወንድሟ ላይ ወድቃ ደሙን በመቀነቷ አሰረች። ባሻ አድማሱ አቧራ ላይ የወደቀውን ሽጉጥ በጫማው ጫፍ ወደ እሷ ገፋው።

«ይችን ቆርቆሮ አንሺና ሂጂ» አለ። «ግራ እጁን ደግሞ ሌላ ጊዜ ያምጣ።»

ሎሌዎቹ ሳቁ። ከገበያተኛውም የሳቀ ነበር። ባንቺአምላክ የሳቀውን ሁሉ በዓይኗ ለየችና ሽጉጡን አንሥታ በቀሚሷ ሸሸገችው።

ወጌሻው የደርበውን እጅ ማትረፍ አልቻለም፤ ቆረጠው። እንየው ያን ሰሞን እህል አልቀመሰም። ሽጉጡን ፈታትቶ እያንዳንዱን ጉድጓድ በስንጥር ለካ። ከስድስቱ አንደኛው ከሌሎቹ ጠልቆ የተቦረቦረ ነው። እዚያ የገባ ጥይት ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ መምቻውም አይደርስበትም። ስድስቱንም ሞክሮ ቢሆን ኖሮ የወንድሙ እጅ ባልተቆረጠ ነበር። እንየው ይህን ለራሱ አልሸሸገም፤ እንባውም መጣ። ከዚያ የታመመውን ጉድጓድ በሞረድ ጭሮ ምልክት አደረገበት፣ አምስቱን ደህናዎች ወልውሎ ዘይት አጠጣቸው፤ እኅቱንም ጠርቶ ከጓሮ አለማመዳት።

«ከከሸፈ አትመልከቺው» አላት። «ዝም ብለሽ ድገሚ።»

«ገብቶኛል፣ አያ» አለች።

ባሻ አድማሱ አንድ የሚወደው ነገር ነበር። አቤት ባይ ሁሉ ቀርቦ፣ አጎንብሶ፣ ጉልበቱን ስሞ ነው ጉዳዩን የሚናገረው። ያ ርካሽ ሽጉጥ የሚበቃበት ቦታ እዚያ ነው። ባንቺአምላክ ፀሐይ ወጥታ አገሩ ሁሉ ዋርካው ሥር በተሰበሰበበት ሰዓት ማቋን እንደለበሰች መጣች። ሎሌዎቹ ሴት ናት ብለው አሳለፏት።

ነገር ግን ከቤት ሳትወጣ ያደረገችው ነገር አለ፤ እሱን ሳያውቁ መፍረድ አይቻልም። የሽጉጡን ቋት በጣቷ አዙራ፣ ቃታው በመጀመሪያ ሲሳብ ያ የተጫረው፣ የማይተኩሰው ጉድጓድ እንዲመጣ አድርጋ አስተካክላዋለች። ሁለተኛው ደህና ነው።

«አቤት ጌታዬ!» ብላ አጎነበሰች። ባሻ አድማሱ ጉልበቱን ዘረጋላት። ቀና ስትል አፈሙዙ ደረቱ ላይ ነበር።

«ባንቺአምላክ፣ የጓሉ ልጅ!»

ሳበች። ቀጭ አለ።

ያ አገር ያንቀጠቀጠ ሰው ከመቀመጫው ተንሸራትቶ ወደቀ። «እናቴን! ኧረ በእመብርሃን! ኧረ ልጄ!» እያለ ሱሪው እስኪረጥብ ለመነ። ሎሌዎቹ እንዳይተኩሱ አፈሙዙ ከደረቱ አልተነሣም። ቆይተው ደግሞ ጌታቸውን ማየት አፍረው መሬት መሬት ያዩ ጀመር።

«የሚቀጥለው አይከሽፍም» አለችው። «ተንበርከክና የአባቴን ጠመንጃ በሁለት እጅህ ስጠኝ።»

ተንበርክኮ ሰጣት። ባንቺአምላክ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። በዚያን ቀን በገበያ የሳቀው ሁሉ ቆሞ እንዲያይ አዘገመች እንጂ አልሮጠችም።

ከዚያ ወዲህ የባሻ አድማሱን ጉልበት የሚስም ጠፋ። ሎሌዎቹ አንድ በአንድ ከዱት። በመንገድ ሲያልፍ ሰው አይነሣለትም፤ ልጆች ከኋላው «ኧረ በእመብርሃን!» እያሉ ይሸሻሉ። ሚስቱም ወደ ወላጆቿ ሄደች። እሱ ግን አለ፤ ይበላል፣ ይተነፍሳል።

እንየው ሽጉጡን ሲከፍት የከሸፈው ጥይት የተጫረው ጉድጓድ ውስጥ መሆኑን አየ።

«አንቺ ነሽ ያዞርሽው?»

«እኔ ነኝ።»

ደሙ ተመልሷል አልተመለሰም፣ ምንሽሩስ የማን ነው በሚል ቤቱ ታመሰ። ነገሩ ሽማግሌ ፊት ደረሰ፤ ሽማግሌዎቹም ምንሽሩን ተረክበው ሦስቱን አስቆሙ።

እንየው እንዲህ አለ፦ «በቅሎዬን ሸጬ መሣሪያውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። የሚገድለውንና የማይገድለውን ጉድጓድ ለይቼ ያወቅሁት እኔ ነኝ። እኔ ባልጭረው እሷ ምኑን ታዞር ነበር? ጥፋቴን አውቃለሁ፤ ከጥፋቴ የተማርኩት ነው የሠራው።»

ደርበው እጅጌውን አንጠልጥሎ ተነሣ፦ «ሁለታችሁ ስትመክሩ ብቻዬን የቆምኩ እኔ ነኝ። ስሜን ጠርቼ ልገድለው ነው የሳብኩት። እሷ ላትገድለው ነው የሳበችው። እጄን የሰጠሁት ሰውዬው እንዲኖር ነው? ደማችን አልተመለሰም፤ ግራ እጄን እያለማመድኩ ነው፤ እኔ እመልሰዋለሁ።»

ባንቺአምላክ ማቋን አውልቃ ቆማ ነበር፦ «ብገድለው ኖሮ አገር በክብር ይቀብረው ነበር፤ አልቃሽም ታሞግሰው ነበር። እኔ ሞቱን በቁሙ አቀመስኩት። ባይፈራና ቢታገለኝ የምሞተው እኔ ነበርኩ። ደርበው፣ አሁን ሄደህ ብትገድለው የምታሳርፈው እሱን ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተከፋፈሉ። ገሚሱ ሳይፈስ የተመለሰ ደም የት ይታወቃል አለ። ገሚሱ ባሻ አድማሱን አስጠርተን እንጠይቀው፣ በሕይወት አለሁ ካለ ደሙ አልተመለሰም አለ። ላኩበት። መልእክተኛው ባዶ እጁን ተመለሰ፤ ሰውዬው አለሁም ሞቻለሁም ሳይል፣ «ደርበው መቼ ነው የሚመጣው?» ብሎ ብቻ ጠይቋል።

ጉባኤው በዚህ ተነሣ፤ ምንሽሩም ባለቤት አጥቶ ተቀመጠ። እንግዲህ ፍርዱ የእናንተ ነው፦ በዝግባ አምባ ደንብ የጓሉ ምንሽር የሚገባው ለማን ነው? ሽጉጡን መርጦና መርምሮ ላበቃው፣ ሊገድል ቆሞ እጁን ላጣው፣ ወይስ መግደል እየቻለች ላኖረችው?